የዜጋ መብትና ግዴታ

ዜግነት ማለት በአንድ አገር ተወልዶ መኖር ብቻ አይደለም። በሕግ ፊት ከሌላው ጋር እኩል ቆሞ የሚገባውን መቀበልና የሚፈለግበትን መፈጸም ነው። መብትና ግዴታ እንደ ሞፈርና ቀንበር ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አያርስም። የአንዱ ሰው መብት የሚከበረው ሌላው ግዴታውን ሲፈጽም ነውና።

ይህ ነገር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ያለ እንደ ሆነ፥ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ከዚያም መንገደኛውን ዳኛ አድርገው በፊቱ ይሟገቱ ነበር። ተበዳዩ አቤት የማለት መብት ነበረው፤ በዳዩ የመቆም፥ መንገደኛውም የመስማት ግዴታ ነበረባቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሕጉ ባዶ ቃል ሆኖ ይቀር ነበር።

ወደ ተጻፈው ሕግ ስንመጣ፥ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ1923 ዓ.ም. ታወጀ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ ሲወጣ፥ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴውን እንዲመርጥ ፈቀደ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት ግን የመምረጫው ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይኸው ሕግ ሐሳብን የመግለጽን ነፃነት፥ የሴትና የወንድንም እኩልነት ደንግጓል፤ ሕገ መንግሥቱን የማክበርና የማስከበርን ኃላፊነትም በዜጎች ሁሉ ላይ ጥሏል።

አሁን ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንመልከተው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ልጃገረድን ዕድሜዋ ሳይደርስ መዳር የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ልጃቸውን ጠልተው አይደለም፤ ክብሯን ለመጠበቅና ከደኅና ቤት ለመዛመድ ብለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሴት በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፥ ዕድሜዋ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን እስከ 3 ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች ቢሆን እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል።

ይሁን እንጂ ልጅቱ 18 ዓመት መሙላቷ በምን ይታወቃል? ወላጅ «ደርሳለች» ይላል፤ መምህር «አልደረሰችም» ይላል፤ ማስረጃ ከሌለ ነገሩ በግምት ይሆናል። መብቷ በሕግ ተጽፎ ሳለ ልደቷ ባለመጻፉ ምክንያት ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህም በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደነገገ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ተጀመረ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። እንግዲህ ለክርስትናው ድግስ የሚያስብ ቤተሰብ በዚያው ሰሞን ወደ ቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ቢሄድ ጊዜው አያልፍበትም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ከሆነም፥ የልደቱን ቀን ጽፎ ከክትባት ካርዱ ጋር ማስቀመጥ ለኋላው ይረዳል።

እንግዲህ በአንዲት ልጅ መብት ላይ የስንት ሰው ግዴታ እንዳለ እንመልከት። አባትና እናት ልደቷን ያስመዘግቡ። ሹሙ የመጣውን ባለጉዳይ ሳያመላልስ ይጻፍ። ሽማግሌ ለዕርቅ እንጂ ለጋ ልጅ ለመለመን አይሂድ። መምህር በሠርግ ወር፥ በጥር፥ ከክፍል የጠፋችውን ተማሪ ወዴት እንዳለች ይጠይቅ። እኛም ተማሪዎች የጓደኛችንን የሠርግ ወሬ ሰምተን ዝም አንበል፤ ዕድሜያችንንም ስንጠየቅ እውነቱን እንናገር።

ይህን ብናደርግ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፥ ከአርብ ገበያ እስከ መካነ ኢየሱስ ያለችው ልጃገረድ ትምህርቷን ፈጽማ፥ 18 ዓመት ሲሞላት በራሷ ፈቃድ ትመርጣለች፤ ብትወድም በራሷ ፈቃድ ታገባለች። ያን ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብትል የሚሰማት ሰው አይጠፋም። ዜግነትም ማለት ይኸው ነው።