ከኋላ ወንበር የሚነበብ ስላይድ፦ ፕሮጀክተር ስለማዘጋጀትና ስለመንከባከብ

የማኅበራችን ዝግጅት ያለ ፕሮጀክተር የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለእንቁጣጣሽ የአገር ቤት ፎቶ እናሳያለን፣ ለዓድዋ በዓል ታሪክ እናቀርባለን፣ በጤና ትምህርት ቀን ደግሞ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን በአማርኛ እናስረዳለን። መሣሪያውን አስተካክሎ የሚያስነሳው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ሲመረቅ እውቀቱም አብሮት ይመረቃል፤ ቀጣዩ ኮሚቴም ከዜሮ ይጀምራል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚያ ቀጣይ ኮሚቴ ነው።

እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በትምህርታችን ደጋግመን የምንሰማው ነገር ቢኖር፣ ታካሚው ያልተረዳው ምክር እንዳልተሰጠ ይቆጠራል የሚለው ነው። ስላይድም እንደዚያው ነው። ከፊት የተቀመጡት አነበቡት ማለት ሰው ሁሉ አነበበው ማለት አይደለም። ከኋላ፣ ከቡናው አጠገብ የሚቀመጡት እናቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ መልእክቱ ይበልጥ የሚመለከታቸው ናቸው።

ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ። ፎከሱ ትንሽ ከደበዘዘ 3 እና 8 ይመሳሰላሉ፤ ስለ ደም ግፊት የተጻፈ «130/80» ከሩቅ «180/80» ሊመስል ይችላል። የምስሉ ግራ ጠርዝ ከተቆረጠ ደግሞ «አይውሰዱ» የሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደሉን አጥቶ «ይውሰዱ» ይሆናል። ስለ መድኃኒት በሚናገር ስላይድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ እኔ ውጭ አገር ያደግን ልጆችም ብንሆን ፊደል የምናነበው ቀስ ብለን ነው። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ሲደበዝዝብን ማንበቡን ጭራሽ እንተወዋለን።

ቦታ መምረጥ

መጀመሪያ የመጨረሻው ወንበር የት እንደሚሆን ተመልከቱ። የተለመደ መለኪያ አለ፦ ጽሑፍ ለሚነበብበት ዝግጅት የምስሉ ቁመት ከስክሪኑ እስከ መጨረሻው ወንበር ካለው ርቀት ቢያንስ አንድ ስድስተኛ ይሁን። የመጨረሻው ወንበር 9 ሜትር ርቆ ከሆነ ምስሉ 1.5 ሜትር ቁመት ይኖረዋል ማለት ነው። በ16 ለ 9 ቅርጽ ስፋቱ 2.7 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ ፕሮጀክተሩ ከስክሪኑ ምን ያህል ይራቅ የሚለው ነው። በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የርቀትና የስፋት ምጣኔ የሚባል ቁጥር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ 1.5 ከሆነ፣ የምትፈልጉትን ስፋት በ1.5 አባዙት፤ 2.7 ሜትር ስፋት ላለው ምስል 4 ሜትር ያህል ርቀት ያስፈልጋል። ቁጥሩን አንድ ጊዜ በወረቀት ጽፋችሁ ፕሮጀክተሩ ላይ ብትለጥፉት፣ ጠረጴዛ ወዲያና ወዲህ ከመግፋት ትድናላችሁ። የምስሉ ታች ጠርዝ ከወለሉ ከ1.2 ሜትር በላይ ከሆነ ከፊት የተቀመጠ ሰው ራስ ብዙም አይከልለውም።

ፕሮጀክተሩን ከታች ወደ ላይ ስታቀኑት ምስሉ ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠባል። ይህን የሚያስተካክለው ኪስቶን የሚባለው ቁልፍ ነው። ነገር ግን ኪስቶን ምስሉን የሚያቃናው የተወሰኑትን ነጥቦች ባለመጠቀም ስለሆነ ፊደሉ ጥራቱን ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን አስተካክሉ፤ ከስክሪኑ መሐል ትይዩ አድርጉት፣ ጠረጴዛውን ከፍ አድርጉ፣ እግሮቹን አመጣጥኑ። ኪስቶኑን ለቀረችው ትንሽ ጉድለት ብቻ ተጠቀሙበት።

ፎከስ በመጨረሻ ይስተካከላል። ሌንሱ ሲሞቅ ፎከሱ በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ፣ ካበራችሁት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ተመልከቱት። ፎቶ ላይ ሳይሆን ትንሽ ጽሑፍ ያለበት ስላይድ ላይ አስተካክሉ፤ መሐሉን ብቻ ሳይሆን አራቱንም ማዕዘን እዩ።

ብርሃንና ቀለም

የፕሮጀክተር ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። መብራቱ በጠፋ ክፍል 1,500 ሉመን ሊበቃ ይችላል፤ መብራት በርቶ ለሚካሄድ ዝግጅት ግን 3,000 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ርካሽ ፕሮጀክተር ስትገዙ «አንሲ» ወይም «አይኤስኦ» ሉመን የሚል መኖሩን አረጋግጡ፤ ያለ እነዚህ የሚጻፍ ትልቅ ቁጥር የማስታወቂያ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ምስሉን በስፋትም በቁመትም እጥፍ ብታደርጉት ያው ብርሃን አራት እጥፍ ቦታ ላይ ስለሚበተን ድምቀቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከሚያስፈልገው በላይ አታግዝፉት።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም ማውጣት አለመቻሉን ነው። ጥቁር ሆኖ የሚታየን ብርሃን ያልደረሰበት ስክሪን ነው። ክፍሉ ብሩህ ከሆነ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ በዓድዋ ዝግጅት የምናሳያቸው የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎችም ይጠፋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስክሪኑ ላይ የሚያርፉትን የፊት መብራቶች ብቻ አጥፉ፣ የኋላዎቹንና የመተላለፊያውን ተዉአቸው። አረጋውያን ባሉበት አዳራሹን ሙሉ በሙሉ ማጨለም ለመውደቅ አደጋ ያጋልጣል።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እንወዳለን፤ ግን ለጌጥ እንጂ ለጽሑፍ አይሆኑም። ቢጫ ፊደል በነጭ ላይ አይታይም፤ ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ሲሆኑ ቀለም መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎች አንድ ይሆናሉ። ባንዲራውን በስላይዱ ጠርዝ አድርጉት፣ ጽሑፉን በነጭ ላይ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ አድርጉ። የፊደል መጠን ከ28 አይነስ። አንድ ስላይድ ላይ ከአምስትና ከስድስት መስመር በላይ ከበዛ ለሁለት ክፈሉት።

ገመድና ላፕቶፕ

ኤችዲኤምአይ ምስልም ድምፅም ያስተላልፋል። የድሮው ሰማያዊ መሰኪያ፣ ቪጂኤ፣ ምስል ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፤ ለድምፅ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። ዩኤስቢ-ሲ ደግሞ ያታልላል። መሰኪያው አንድ ዓይነት ቢሆንም ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ምስል የማያስተላልፉ ላፕቶፖችና ገመዶች አሉ። ስለዚህ አዳፕተሩን ከራሱ ከተናጋሪው ላፕቶፕ ጋር ቀድማችሁ ሞክሩት።

ምስሉ ካልመጣ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል እዩ። አንደኛ፣ ፕሮጀክተሩ ላይ ትክክለኛው «ኢንፑት» ወይም «ሶርስ» መመረጡን። ሁለተኛ፣ ገመዱ በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው መግባቱን። ሦስተኛ፣ ላፕቶፑ ምስሉን እየላከ መሆኑን፤ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍንና ፒን አንድ ላይ ተጭናችሁ «ዱፕሊኬት» የሚለውን ምረጡ፣ በማክ ደግሞ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ «ዲስፕሌይስ» የሚለውን ክፈቱ። ድምፅ ካልተሰማ የላፕቶፑ የድምፅ መውጫ የትኛው እንደሆነ ተመልከቱ፤ ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ድምፁ ብዙ ጊዜ ወደ ፕሮጀክተሩ ትንሽ ስፒከር ይሄዳል።

ያ «አይውሰዱ» የሚለው ቃል ፊደሉን የሚያጣው አንዳንድ ፕሮጀክተሮች የምስሉን ዙሪያ በጥቂቱ ስለሚቆርጡ ነው። ቅንብሩ «ኦቨርስካን» ይባላል፤ አጥፉት ወይም ዜሮ አድርጉት። ለጥንቃቄም ጽሑፋችሁን ከስላይዱ ጠርዝ አርቁ።

ፊደላችን እንዳይጠፋ

አንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የተናጋሪዋ ላፕቶፕ አልገናኝ ስላለ ፋይሉ በአዳራሹ ኮምፒውተር ተከፈተ፤ አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ መጣ። ተናጋሪዋ በቃል ብትቀጥልም፣ ሰዎች ሊጽፉት የፈለጉትን የመድኃኒት ዝርዝር ማንም ሊያየው አልቻለም።

ሳጥን የሚመጣው ኮምፒውተሩ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ሳይኖር ሲቀር ነው። ሌላም ዓይነት ችግር አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ቀደም የተሠሩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ከድሮ የማኅበሩ ፋይሎች ስትገለብጡ ይህ ሊገጥማችሁ ይችላል፤ መፍትሔው በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው።

በዊንዶውስ ኒያላና ኢብሪማ፣ በማክ ከፋ የሚባሉት ፎንቶች አማርኛ ያሳያሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ደግሞ በነፃ ይወርዳሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስላይዱን በፒዲኤፍም ማስቀመጥ ነው፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ፊደሉ አይለወጥም። እንቅስቃሴና ቪዲዮ ግን ስለማይሠራ ዋናውንም ያዙ። ሁለቱንም በፍላሽ ዲስክ ላይ አድርጉ፤ የአዳራሹ ዋይፋይ ላይ አትመኩ።

የሰው ደኅንነት

ገመድ በመተላለፊያ ላይ አይለፍ። ማለፉ ግድ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር በሰፊ ቴፕ ወለሉ ላይ ለጥፉት። ለአረጋዊ ሰው አንድ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ማገገም ደግሞ ረጅም ነው። ልጆች ሌንሱን አፍጥጠው እንዳያዩ ከፕሮጀክተሩ ፊት ወንበር አትደርድሩ።

ከዝግጅቱ በኋላና በየወሩ

የፕሮጀክተር ጠላቶቹ ሙቀትና አቧራ ናቸው። ዙሪያውን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉለት፤ በጨርቅ ወይም በመጽሐፍ ላይ አታስቀምጡት። በእኛ ዝግጅት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ የዕጣንና የቡና መቁያ ጭስ። ጭሱ ወደ ውስጥ ተስቦ ፊልተሩንና መስታወቶቹን ያለብሳል፤ ከጊዜ በኋላ ምስሉ ይደበዝዛል። ቡናውን ማንም አይከለክልም! ረከቦቱን ግን ከፕሮጀክተሩ ራቅ አድርጉት፤ ዕጣኑም ፕሮጀክተሩ ከጠፋ በኋላ ቢጨስ ይመረጣል።

ስታጠፉ በቁልፉ አጥፉና ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ። አምፖል ያለውን ፕሮጀክተር ገመዱን ነቅላችሁ ወዲያው ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ አምፖሉን ያሳጥረዋል። በክረምት ከመኪና ቀዝቅዞ የገባ ፕሮጀክተርም ውስጡ እርጥበት ሊይዝ ስለሚችል ከመብራቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ።

ፊልተር ካለው በየወሩ አውጥታችሁ አቧራውን በቀስታ አንሡለት። ሌንሱን መጀመሪያ በአየር መንፊያ አናፍሱት፣ ከዚያ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉት። ሶፍት፣ የልብስ ጫፍና ሳኒታይዘር አይነኩትም።

አምፖል ብዙ ጊዜ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላል፤ የሌዘርና የኤልኢዲ ብርሃን ደግሞ እስከ 20,000 ሰዓት ገደማ። ያለፈው ሰዓት በሜኑ ውስጥ ይታያል። አምፖል ስትቀይሩ ገመዱን ነቅላችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቀዝቅዙት፣ የአዲሱን መስታወት በባዶ እጅ አትንኩ። አሮጌው ሜርኩሪ ስላለበት ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።

ወደ አገር ቤት ለምትልኩ

ከቀድሞ ተማሪዎች መካከል ለተማሩበት ወይም ለወላጆቻቸው ትምህርት ቤት ፕሮጀክተር መላክ የሚያስቡ አሉ። የኃይል መለያው ላይ «100–240» መጻፉን እዩ፤ አሜሪካ 120 ቮልት፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያውም ስለሚቆም የጋለ አምፖል ይጎዳል፤ ስለዚህ የኤልኢዲ ወይም የሌዘር ዓይነት ይመረጣል። የቮልቴጅ መከላከያና መለዋወጫ ፊልተር አብራችሁ ላኩ።

ለቀጣዩ ኮሚቴ

በፕሮጀክተሩ ቦርሳ ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር። የአምፖሉን ሰዓት፣ ፊልተር የጸዳበትን ቀን፣ የጠፋ ገመድና ጥሩ የሠራ አቀማመጥ ይጻፍበት፤ ሲረካከቡም ከቁልፉ ጋር ይሰጥ። ከዝግጅቱ 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው ስትሉ ደግሞ አንዳችሁ ሄዳችሁ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡና ትንሿን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ካልተነበበች ገና ጊዜ አላችሁ።