አለማየሁ እሸቴ፦ ኤልቪስን መስሎ ጀምሮ በአማርኛ ራሱን ያገኘው ድምፅ

ከቡልቡላ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ናችሁ እንበል። ሹፌሩ ጠና ያለ ሰው ነው። ከስፒከሩ መጀመሪያ ሳክስፎንና ትራምፔት ይወጣል፣ ኦርጋን ይከተላል፣ ከዚያ አንድ ሰውዬ ከሆዱ ይጮኻል። ጩኸቱ የጄምስ ብራውን ነው፣ ቃሉ ግን አማርኛ። ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ይላል።

አለማየሁ እሸቴ ነው። ፈረንጆቹ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ አንዳንዴም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ይሉታል። ሁለቱም ስም ግማሽ እውነት ነው። ሌላኛውን ግማሽ ዛሬ እንጨዋወት።

ሆሊውድ ለመሄድ ከቤት የጠፋው ልጅ

አለማየሁ በፈረንጆቹ 1941 ጅማ ተወለደ፣ ያደገው ግን አዲስ አበባ ነው። ልጅ ሳለ በአሜሪካ ፊልም አበደ። ፍቅሩ ከመጠን አልፎ ሆሊውድ ለመድረስ ከቤት ጠፋ፣ ቀይ ባሕር ዳር ድረስ ከሄደ በኋላ ተይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የዛሬ ልጅ ቢሆን ኖሮ ቲክቶክ ከፍቶ ይረካ ነበር።

መርከቡ ቢቀርበትም አሜሪካን ራሱ ላይ አመጣት። ፀጉሩን እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ አበጠረ፣ እንደሱ ለበሰ፣ የእንግሊዝኛ ዘፈኖቹን እየዘፈነ መድረክ ላይ ወጣ። ሰዉ ወደደው። ከዓመታት በኋላ ግን በቃለ ምልልስ ደጋግሞ የተናገረው አንድ ነገር አለ፦ ስሙ በትክክል የወጣው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው።

ሶል ማለት ይሄው ነው። ሙዚቃው የተወለደው ከጥቁር አሜሪካውያን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ከብሉዝ ነው። ዋናው ነገር ድምፅ ማሳመር አይደለም፣ ውስጥህ ያለውን ሳትደብቅ ማውጣት ነው። በሰው ቋንቋ ደግሞ ውስጥህን እስከ መጨረሻው ማውጣት ይከብዳል።

ያኔ ዘፋኝ መሆን እንዴት ነበር?

ዛሬ አንድ ላፕቶፕና አንድ ማይክ ካለህ ከመኝታ ቤትህ ዘፈን ትለቃለህ። በ1960ዎቹ (በፈረንጆቹ) ግን ጊታሩም፣ ሳክስፎኑም፣ መድረኩም በአብዛኛው የመንግሥት ነበር። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የምድር ጦር ነበሩ። ዘፋኙ ደመወዝተኛ ነው፣ ዩኒፎርም ያለው፣ አለቃ ያለው። አለማየሁም የገባው ፖሊስ ኦርኬስትራ ነው።

አዲስ ድምፅ ግን በየአቅጣጫው ይገባ ነበር። አስመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮ ሶልና ሮክ ያሰማል። ከ1962 ጀምሮ የሰላም ጓድ ወጣቶች ሸክላቸውን ይዘው መጡ። ሲኒማ ቤቶቹም አሉ። ማታ ማታ ደግሞ ሙዚቀኞቹ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው የምሽት ክበቦች ውስጥ የልባቸውን መጫወት ጀመሩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትዕዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነው። ሌላ ሰው ቢያሳትም ሕግ ጣሰ ማለት ነው።

ሁለት እሸቴዎች

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አምሃ እሸቴና አለማየሁ እሸቴ ወንድማማች አይደሉም። የአባታቸው ስም ተገጣጥሞ ነው።

አምሃ ሙዚቃ ቤት ያለው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነበር። ከውጭ የመጣ ሸክላ ይሸጣል። የራሳችን ዘፋኞች እንደዚህ እየተጫወቱ ለምን የሰው ብቻ እሸጣለሁ አለና ክልከላውን ተዳፈረ። በ1969 «አምሃ ሪከርድስ»ን ጀመረ። የመጀመሪያው ሸክላ የአለማየሁ «ትማርኪያለሽ» ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የተጫነው ሕንድ አገር ተልኮ ነው።

እስቲ አስቡት። ቢያዝ ሊታሰር ይችላል። ሸክላው ባይሸጥ ይከስራል። ሰውዬው ግን አልታሰረም፣ ሸክላውም ተሸጠ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችና 12 አልበሞች አወጣ። ዛሬ ዓለም «የአዲስ አበባ ወርቃማ ዘመን» የሚለው ሙዚቃ ትልቁ ድርሻ ከዚያ የወጣ ነው።

አለማየሁም በነዚያ ዓመታት ወደ 30 የሚጠጉ ሸክላዎችን ሠራ። «ተማር ልጄ» የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ያለ አይመስለኝም፣ ርዕሱ ራሱ የቤታችን መፈክር ሆኗል። «አዲስ አበባ ቤቴ» ሲወጣ ደግሞ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት የኛ ቡልቡላ ከከተማው ውጪ ያለ የእርሻ መሬት ነበር።

ዘፈኖቹን ስትሰሙ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከበሮውና ቤዙ የአሜሪካ ሶል ነው። ሁለተኛ፣ ዜማው በብዛት የኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። ሦስተኛ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ዝም ብለው አያጅቡም፣ ዘፋኙን ይመልሱለታል፣ ልክ እንደ አዝማሪና ተቀባይ። ለዚህ ነው እንግዳ የሆነ ነገርና የምታውቁት ነገር አንድ ላይ የምትሰሙት።

የዚህ ድምፅ አንዱ አናጺ ፒያኒስቱና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነው። ከአለማየሁ ጋር «አለም-ግርማ» የሚባል ባንድ ነበራቸው። ግርማ ራሱ ዘፋኝና ዘፈን ሠሪ ሆኖ የቀዳቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ያቀናበራቸው ግን ከ60 በላይ ናቸው።

ከዚያ ምን ሆነ?

በ1974 ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የምሽት ክበብ ሕይወት ደግሞ ያለ ምሽት አይኖርም። ሸክላም በካሴት ተተካ።

ሦስቱ ሰዎች ሦስት መንገድ ሄዱ። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተ፣ ከዓመታት በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። ግርማ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ለኮንሰርት ሄዶ እዚያው ቀረ። ያን ሁሉ ዘፈን ያቀናበረ ሰው ለረጅም ዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። በ2017 ግን «አካሌ ውቤ» ከሚባል የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም ይዞ ብቅ አለ።

አለማየሁ አልሄደም። ሆሊውድ ለመድረስ ከቤት የጠፋው ልጅ፣ ሁሉም በሚወጣበት ጊዜ አዲስ አበባ ቀረ። ዘፈነም።

በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚባለውን ተከታታይ አልበም ማውጣት ጀመረ። ዘጠነኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የአለማየሁ ነው። በ2008 ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር መድረክ ላይ ቆመ። በመጨረሻ አሜሪካ ሄደ ማለት ነው፣ ግን ኤልቪስን ሊመስል ሳይሆን በአማርኛ ሊዘፍን።

2013 ዓ.ም ሁለቱንም እሸቴዎች ወሰደብን። አምሃ በሚያዝያ፣ አለማየሁ ደግሞ ነሐሴ 27 ቀን አረፉ። አለማየሁ 80 ዓመቱ ነበር።

ለምን ይመለከተናል?

የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቃል። ለድምፃዊና ለአሳታሚ ግን 50 ዓመት ብቻ ነው፣ የሚቆጠረውም ከቀረጻው ወይም ከኅትመቱ ጀምሮ። በ1969 የወጣን ሸክላ ራሳችሁ አስሉት። በዚህ ስሌት ድምፃዊው በሕይወት እያለ የድምፁ ጥበቃ ሊያልቅበት ይችላል።

ስለዚህ አሁን ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች፣ ስቱዲዮ ስትገቡ ግጥሙን ማን ጻፈ፣ ዜማውን ማን ሠራ፣ ማን አቀናበረ የሚለውን በወረቀት አስፍሩ። «ጓደኛሞች ነን» የሚለው ነገር 50 ዓመት አይቆይም።

ሌሎቻችን ደግሞ ቪዲዮ ላይ የድሮ ዘፈን ስናስገባ «ኦልድ ኢትዮፒያን ቫይብ» ብለን አንለፈው። ስም አለው። ጋሽ አለማየሁ ዘፈነው፣ አምሃ ደፍሮ አሳተመው ብላችሁ ጻፉ።

ሚኒባሱ ውስጥም ያ ልጅ «ማነው?» ሲል፣ ወራጅ ከማለታችሁ በፊት ንገሩት።