ፍርድ ቤት የመጠጥ ፈቃድ ቅጣትን መቀነስ ይችላልን?

በአሜሪካ የመጠጥ ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ወረቀት የበለጠ ዋጋ አለው። በበርካታ ግዛቶች የፈቃዱ ቁጥር በሕዝብ ብዛት የተወሰነ በመሆኑ እንደ ማንኛውም ንብረት ይሸጣል፣ ይገዛል። ለምሳሌ በፔንሲልቬንያ የሬስቶራንት መጠጥ ፈቃድ በመሠረቱ በየአውራጃው ለ3,000 ነዋሪ አንድ ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የተሰረዘበት ነጋዴ ከዕለት ገቢው ሌላ ያፈሰሰውን ካፒታልም ያጣል።

ቅጣቱን በመጀመሪያ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት አይደለም፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። አንድ አስተናጋጅ መታወቂያ ሳይጠይቅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ወጣት ቢራ ሸጠ እንበል። ባለቤቱ ጥፋቱን አልካደም፤ ቅሬታው «ቅጣቱ በዛብኝ» የሚል ብቻ ነው። ዳኛው ሊቀንስለት ይችላል? በሚዋሰኑት በኦሃዮና በፔንሲልቬንያ ግዛቶች መልሱ የተለያየ ነው።

በኦሃዮ ጉዳዩን የሚያየው የመጠጥ ቁጥጥር ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ ፈቃዱን ለተወሰነ ጊዜ ሊያግድ ወይም ጨርሶ ሊሰርዝ ይችላል። ነጋዴው ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 15 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ይግባኝ ማለቱም በራሱ ቅጣቱን አያስቆምም። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ትእዛዙ በአስተማማኝና በበቂ ማስረጃ የተደገፈ፣ ሕጉንም የተከተለ መሆኑን ነው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 «ሄንሪስ ካፌ» በተባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ ጥፋቱ በማስረጃ ከተረጋገጠና ቅጣቱ ሕጉ ለመሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ሥልጣን ካልወጣ፣ ዳኛው ቅጣቱ ከበደ ብሎ ሊያቀልለው አይችልም። በሌላ አነጋገር፣ ጥፋቱ ከጸና ቅጣቱም አብሮ ይጸናል።

በፔንሲልቬንያ ክሱን የሚያቀርበው የግዛቱ ፖሊስ ሲሆን፣ ውሳኔውን የሚሰጠው የአስተዳደር ሕግ ዳኛ ነው። መቀጮው ለብዙዎቹ ጥፋቶች ከ50 እስከ 1,000 ዶላር ነው፤ ዕድሜው ላልደረሰ እንደ መሸጥ ላሉት ከባድ ጥፋቶች ግን ከ1,000 እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል። እገዳና ስረዛም አለ። ይግባኙ በቅድሚያ ለመጠጥ ቁጥጥር ቦርድ፣ ቀጥሎም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደ አዲስ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1994 «ካንቲና ግሎሪያስ ላውንጅ» በተባለው ጉዳይ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የሥር ፍርድ ቤት ዳኛ የደረሰበት ፍሬ ነገር ከቦርዱ ባይለይም እንኳ ቅጣቱን ሊለውጥ እንደሚችል ወስኗል።

ከኢኮኖሚ አንፃር ሁለቱም አሠራሮች የየራሳቸው ጥቅምና ወጪ አላቸው። የኦሃዮው ቅጣቱ ከዳኛ ዳኛ እንዳይለያይና ሙግቱ እንዳይራዘም ይረዳል፤ ነገር ግን የነጋዴውን ዕጣ በአንድ ኮሚሽን እጅ ያስገባል። የፔንሲልቬንያው የእያንዳንዱን ነጋዴ ሁኔታ ለማየት ያስችላል፤ ይሁን እንጂ ውሳኔው እንደ ዳኛው ሊለያይ ይችላል። የጠበቃ ክፍያ ከመቀጮው ከበለጠም ይግባኙ ኪሳራ ነው።

ይህ ልዩነት በኮሎምበስና በፊላደልፊያ ምግብ ቤት ከፍተው ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም የሚጠቅም ትምህርት አለው። በኦሃዮ «ቅጣቱ ይቅለልልኝ» የሚባለው ኮሚሽኑ ፊት ነው። ከዚያ በፊት ጥፋት አለመኖሩን፣ ሠራተኞች መሠልጠናቸውን፣ ከጥፋቱም በኋላ የተወሰደውን እርምጃ የሚያሳዩ ሰነዶች እዚያው መቅረብ ይኖርባቸዋል። ይህን ሁሉ ለፍርድ ቤት ብሎ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ ቢያዝንለት እንኳ ሊረዳው የማይችል ዳኛ ፊት ይቆማል።