ለመጀመሪያ ርዳታና ለአደጋ መከላከያ ሥራ የቃል ፈተና የሚደረግ ዝግጅት

ሰው እንጀራውን ለማግኘት በሚደክምበት ስፍራ ጤናውንና ሕይወቱን እንዳያጣ መጠበቅ ከመንግሥትም፥ ከአሠሪም፥ ከሠራተኛም የሚፈለግ ግዴታ ነው። በየከተማው ፋብሪካው፥ ወፍጮ ቤቱ፥ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤቱ፥ የፎቅ ግንባታው በበዛ ቁጥር አደጋውም አብሮ ይበዛል። በሐዋሳ በ2008 ዓ.ም.፥ በኮምቦልቻም በ2009 ዓ.ም. የተመረቁት የኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚያሳዩት፥ ብዙ ሰው ከመኪና ጋር በአንድ ጣራ ሥር የሚውልበት ሥራ ከዋናው ከተማ ወጥቶ ወደ ክፍላተ ሀገር መስፋፋቱን ነው። ከዚህም የተነሣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚሰጥና የሥራ ደኅንነትን የሚቈጣጠር ሠራተኛ የሚፈልጉ ማስታወቂያዎች በየሰሌዳው ላይ ይታያሉ።

ለዚህ ሥራ የሚያመለክቱ አያሌ ወጣቶች ለቃል ፈተናው የሚዘጋጁት ለማንኛውም የጽሕፈት ቤት ሥራ እንደሚዘጋጁት ሁሉ ነው። ልብሳቸውን ያሳምራሉ፥ ስለ ትጋታቸውና ስለ ታማኝነታቸው የሚናገሩትን ቃል ያጠናሉ። ንጽሕናና መልካም አነጋገር የሚያስመሰግን ነገር ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ የሰው ሕይወት በሠራተኛው እጅ ላይ ይወድቃልና ፈታኞቹ ከሁሉ በላይ መመርመር የሚገባቸው፥ አመልካቹ በድንጋጤ ሰዓት ምን አስቀድሞ ምን አስከትሎ እንደሚሠራና የዕውቀቱን ወሰን ማወቁን ነው። ዝግጅቱም በዚህ ላይ መመሥረት አለበት።

የሥራው ምንነት

ሥራው ሁለት ወገን አለው። አንደኛው አደጋ እንዳይደርስ መከላከል ነው። ሁለተኛው አደጋ ቢደርስ ተጐጂው ከሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ ሕይወቱን ማቈየትና ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም በአጭሩ ያስተምራል።

ርዳታው ከሩቅ የመጣ ታሪክ አለው። ሄንሪ ዱናን የተባለው የስዊስ ነጋዴ በ1859 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሰሜን ኢጣልያ በሶልፌሪኖ የጦር ሜዳ ቁስለኞች ያለ ረዳት ወድቀው አይቶ፥ የአካባቢውን ሕዝብ አስተባብሮ ረዳቸው። የቀይ መስቀል ማኅበር ሐሳብ የበቀለው ከዚያ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በ1927 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ በተቃረበበት ወራት ተቋቁሞ እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርትና የአምቡላንስ አገልግሎት ይሰጣል።

በሕግ በኩል ደግሞ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታ ይዘረዝራል። ይኸውም ሠራተኞች ስለ ሥራው አደገኛነትና ስለ ጥንቃቄው እንዲማሩ ማድረግ፥ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ፥ የደረሰውን አደጋ መመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪ ክፍል ማስታወቅ ነው። አመልካቹ አዋጁን በቃሉ ማነብነብ አያስፈልገውም፤ ነገር ግን የሚቀጠርበት ሥራ የአሠሪው በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ መሆኑን ዐውቆ መቅረብ ይገባዋል።

ከፈተናው ቀን በፊት

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ያሻል። የሚፈለገው የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ነው፥ የደኅንነት ተቈጣጣሪ ነው ወይስ ሁለቱንም የሚይዝ ሰው ነው? የሥልጠና የምስክር ወረቀት ያለው ሰው የተሰጠበትን ቀን ይመልከት። ሥልጠናው ብዙ ዓመት ያለፈው ከሆነ ዳግመኛ መማር ወይም ቢያንስ እጅን በልምምድ ማፍታታት ይገባል፤ ያልተለማመደ እጅ በጭንቅ ሰዓት የተማረውን ይረሳልና።

ሁለተኛ፥ ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ማጥናት ነው። የቆዳ ፋብሪካ አደጋ ከዳቦ ጋገሪው አደጋ ይለያል፤ የድንጋይ ካባው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ምን ዓይነት መኪና እንደሚዞር፥ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚፈስ፥ ሠራተኛው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይወጣ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ይገባ እንደሆነ፥ ሌሊትም ይሠራ እንደሆነ አስቀድሞ የጠየቀ አመልካች መልሱ ከመሬት የተነሣ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ ከሥራው ስፍራ እስከ ቅርቡ ጤና ጣቢያና እስከ ሆስፒታሉ ያለውን መንገድ ማወቅ ነው። መንገዱ በክረምት ይዘጋ እንደሆነ፥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ የሚጠራበት 907 ቁጥርና የከተማው የእሳት አደጋ መከላከያ ስልክ በዚያ ስፍራ ይሠሩ እንደሆነ ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ጥናት አንድ ጧት ብቻ ይፈጃል፤ ፈታኞች ግን ከብዙ ጥሩ ቃል ይልቅ ያከብሩታል።

ስለ መጀመሪያ ርዳታ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ፈታኞች ብዙ ጊዜ አንድ አደጋ ደረሰ ብለው ይጠይቃሉ። ለምሳሌ፥ «አንድ ሠራተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ጨበጠ ወድቋል፤ ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። ያልተዘጋጀ ሰው «ሮጬ አነሣዋለሁ» ይላል። መልሱ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት ሰው ያስቀብራል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፥ ትክክለኛው መልስ በቅድሚያ ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት፥ ሌላውን ሰው ማራቅ፥ ርዳታ ማስጠራት፥ ከዚያ በኋላ ብቻ ተጐጂውን መንካት ነው። ሽቦው የከፍተኛ ኃይል መስመር ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ሠራተኞች ኃይሉን እስኪያቋርጡ ድረስ ርቆ መጠበቅ የግድ ነው።

እንደዚሁም በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በተዘጋ የውኃ ጕድጓድ ውስጥ ስለ ወደቀ ሰው ሊጠየቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ስፍራ መርዘኛ ጋዝ ሊኖር፥ ንጹሕ አየርም ሊጠፋ ስለሚችል፥ ወንድም ወንድሙን ላድን ብሎ ሲገባ ተከታትለው የሚያልቁበት ጊዜ አለ። ያለ መተንፈሻ መሣሪያና ያለ ማውጫ ገመድ አልገባም፥ ሌላውም እንዳይገባ እከለክላለሁ ብሎ መመለስ ፈሪነት አይደለም፤ የሥራው የመጀመሪያ ሕግ ነው።

የሥራው ስፍራ ደኅና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው ወደ ተጐጂው ይመለሳል። ሰውየው ይሰማል ወይ? ይተነፍሳል ወይ? ካልሰማና እንደ ወትሮው ካልተነፈሰ፥ ርዳታ አስጠርቶ በደረቱ መካከል ላይ በሁለት እጅ መጫን ይጀመራል። የአዋቂ ሰው ደረት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል እየወረደ፥ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫናል፤ የሠለጠነ ሰው ከ30 ጭነት በኋላ 2 ጊዜ ትንፋሽ ይሰጣል። ብርቱ ደም የሚፈስሰው ሰው ቢሆን ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፥ ጨርቁ ደም ቢጠጣም ሳያነሡ በላዩ ሌላ መደረብ ነው። ከከፍታ የወደቀን ሰው የሚያሰጋ ነገር ከሌለ በቀር ማንቀሳቀስ አይገባም፤ አንገቱ ወይም አከርካሪው ተጐድቶ ሊሆን ይችላልና።

ከዚህም በቀር ብልህ ፈታኝ ስለ ተለመዱት የአገር ልማዶች ይጠይቃል። በቁስል ላይ ቡና መነስነስ፥ በተቃጠለ ገላ ላይ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት፥ የሚጥል በሽታ ለያዘው ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት በብዙ ሰፈር የሚደረግ ነው። ቡናው ቁስሉን ያቈሽሻል፤ ቅቤው ትኩሳቱን አፍኖ ይይዛል፤ ክብሪቱም የሚጥል በሽታን አያቆምም። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዛል፥ ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ይወልቃል፥ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው በግድ መያዝ ወይም በአፉ ውስጥ ማንኪያ ማግባት አይገባም፤ ራሱ እንዳይመታ ከሥሩ ልብስ ማነጠፍ፥ ሰዓቱን መመልከት፥ ሲያበቃ በጐኑ ማስተኛት ነው። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቈየ ግን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

ይሁን እንጂ ልማዱን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ሰዉን ሳያስቀይሙ መመለስም ዕውቀት ነው። አንዲት አሮጊት ቡና ይዘው ቢመጡ፥ «እማማ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህ ይቈየንና ንጹሕ ጨርቅ ያምጡልኝ» ብሎ ሥራ መስጠት ከመቈጣት ይሻላል። የተቈጣው ሰው ሕዝቡን ያጣል፤ ሥራ የሰጠው ረዳት ያገኛል።

ስለ አደጋ መከላከል የሚቀርቡ ጥያቄዎች

በዚህ ክፍል የሚታወቀው ጥያቄ አንድ አደገኛ ነገር ተገኝቶ እንደሆነ መፍትሔው ምንድን ነው የሚል ነው። ብዙ አመልካች «ጓንትና የራስ ቆብ አድላለሁ» ይላል። የመከላከል ሥራ ግን የታወቀ ደረጃ አለው። አስቀድሞ አደጋውን ከነጭራሹ ማስወገድ፥ ካልተቻለ አደገኛውን ነገር በቀለለ መለወጥ፥ ቀጥሎ በአጥርና በመክደኛ ከሰው መለየት፥ ቀጥሎ የሥራውን ሥርዓትና ትምህርቱን ማስተካከል፥ በመጨረሻም የመከላከያ ልብስ መስጠት ነው።

የወፍጮ ቤትን ሞተር ለምሳሌ ብንወስድ፥ ቀበቶው ያለ መክደኛ ሲዞር ነጠላን ወይም እጅጌን ስቦ ክንድ ሊወስድ ይችላል። በዚህ ስፍራ ጓንት መስጠት ጭራሽ ጉዳት ነው፤ የሚዞር መኪና ጓንቱንም ከነእጁ ይስባልና። «ተጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍም ብቻውን አይበቃም። የሚበጀው ቀበቶውን በብረት መክደኛ መሸፈን፥ ሞተሩ በሚጠገንበት ጊዜም ኃይሉን አቋርጦ ሌላ ሰው እንዳያበራው መቈለፍ ነው። እንዲህ ያለውን ምሳሌ ከከተማው ኑሮ አውጥቶ የሚያስረዳ አመልካች ደረጃውን በቃሉ ከሚቈጥረው ይበልጣል።

ሕሊናን የሚፈትን ጥያቄ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የዕውቀት ሳይሆን የሕሊና ነው። «ኃላፊው ሥራ እንዳይቆም ብሎ አደጋው አይመዝገብ ቢልህ ምን ትላለህ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ አመልካቹ ኃላፊውን መስደብም፥ እሺ ብሎ ማጐንበስም አይገባውም። አደጋውን መመዝገብና ማስታወቅ ሕግ የጣለው ግዴታ መሆኑን በአክብሮት ማስረዳት፥ ያልተመዘገበ አደጋ ነገ በሌላው ሠራተኛ ላይ እንደሚደገም ማሳየት፥ መዝገቡንም በእውነት መጻፍ ይገባል። ትንሹ አደጋ ሳይጻፍ ቀርቶ ትልቁ ከደረሰ በኋላ መሯሯጥ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ነው።

ሌላው የሕሊና ፈተና የማያውቁትን አላውቅም ማለት ነው። የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ሐኪም አይደለም፤ ከሥልጠናው ውጭ መድኃኒት አያዝም፥ መርፌ አይወጋም፥ የተሰበረ አጥንት አያቀናም። «ይህን አልተማርሁም፤ ተጐጂውን ጠብቄ ወደ ሐኪም አደርሳለሁ» የሚል መልስ ነጥብ ሊያስቀንስ አይገባም። የሚያስፈራው ሁሉን ዐውቃለሁ የሚለው ነው። እንደዚሁም ስለ ሕመምተኛው ያየውንና የሰማውን በየቡና ቤቱ የማያወራ መሆኑን አመልካቹ ማሳየት አለበት።

ለፈታኞች የሚገባ ጥንቃቄ

የፈተናው ፍሬ በአመልካቹ ዝግጅት ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ማቅረብ፥ የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ፥ ከፈታኞቹ መካከል የጤና ባለሙያ እንዲኖር ማድረግ ይገባል። ከቃሉም ጋር የእጅ ፈተና መስጠት፥ ፋሻና ጨርቅ አቅርቦ ሲያስር፥ በልምምድ አሻንጉሊት ላይ ደረት ሲጫን ማየት ያስፈልጋል፤ በአፉ የተካነ ሰው በእጁ ሊሰንፍ ይችላልና። ወንድም ሴትም በእኩል ዐይን ይታዩ።

በዝምድና ወይም በአማላጅ የተቀጠረ ጸሐፊ ደብዳቤ ቢያበላሽ ደብዳቤው እንደገና ይጻፋል። በዝምድና የተቀጠረ የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪ ግን ያጠፋው እንደገና አይጻፍም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚወዳደር ሁሉ አደጋ በደረሰበት ሰዓት ራሱን በተጐጂው ስፍራ አድርጎ ይዘጋጅ፤ የሚፈትነውም፥ የገዛ ልጁ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ብትውል በማን እጅ እንድትወድቅ እንደሚመርጥ አስቦ ይፈርም።