በግቢ ውስጥ የሚሠራ የአውቶሞቢል ቀለም መርጫ ክፍል

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች በየግቢው ተከፍተው ለሚሠሩት ትናንሽ ጋራዦች የባትላሜራና የቀለም ሥራ ከዋና የገቢ ምንጮች አንዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን አውቶሞቢል አድሶ ማቆየት ለባለንብረቱ ከቀድሞው ይበልጥ የሚያስፈልግ ሆኗል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሥራ ብዙው የሚከናወነው በደጅ ወይም በሸራ መጋረጃ ውስጥ ነው። አቧራ ያረፈበት ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደገና ሲቀባ፥ ሁለተኛው ቀለም፥ ሁለተኛው ቲነርና የሠራተኛው ሁለተኛ ቀን ሁሉ ከባለጋራዡ ኪስ ይወጣል። ከዚህም የሚከፋው በቀለሙ ጉም ውስጥ ቆሞ በሚውለው ሠራተኛ ጤና ላይ የሚደርሰው ጉዳት ነው።

ቀለምን በአየር ኃይል መርጨት የቆየ ጥበብ ነው። ዶክተር አለን ዴቪልቢስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም መድኃኒት በጉሮሮ ውስጥ ለመርጨት የሠሩትን መሣሪያ መነሻ በማድረግ፥ ልጃቸው ቶማስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. የቀለም መርጫውን አወጣ። በ1923 ደግሞ የዱፖንት ኩባንያ ዱኮ የተባለውን ናይትሮ ቀለም ለገበያ ሲያቀርብ፥ ቀድሞ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የአውቶሞቢል ቀለም በሰዓታት የሚደርቅ ሆነ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ከማድረቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል ቀለም ነው። ይህ ቀለም ጠንካራና አብረቅራቂ ቢሆንም፥ ከቀደሙት ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

የክፍሉ ስፋትና የአየሩ አካሄድ

4 ሜትር ተኩል ርዝመትና 1 ሜትር ከ80 ወርድ ላለው አውቶሞቢል ሠራተኛው በዙሪያው እንደ ልብ እንዲዘዋወር 7 ሜትር ርዝመት፥ 4 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ከ80 ከፍታ ያለው ክፍል ይበቃል። ግድግዳው ለስላሳና ነጭ፥ ወለሉም የታጠበ ሲሚንቶ ሊሆን ይገባል።

የክፍሉ ነፍስ አየሩ ነው። አየሩ በአንደኛው ጫፍ በማጣሪያ ገብቶ፥ በአውቶሞቢሉ ላይ አልፎ፥ በሌላው ጫፍ በሁለተኛ ማጣሪያ መውጣት አለበት። ፍጥነቱም በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል እንዲሆን ይመከራል። ከላይ የተጠቀሰው ክፍል የአየር መተላለፊያው 4 ሜትር በ2 ሜትር ከ80፥ ማለትም 11.2 ካሬ ሜትር ስለሆነ፥ በሴኮንድ 5.6 ሜትር ኩብ፥ በሰዓትም 20,000 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ለመኖሪያ ቤት መስኮት የሚሸጥ ማራገቢያ ይህን ከቶ ሊያደርግ አይችልም። ማራገቢያ ከመግዛት አስቀድሞ ይህን ሒሳብ ማስላት ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ማራገቢያው አየሩን ከክፍሉ ስቦ የሚያወጣ ከሆነ በየስንጥቁ አቧራ ስለሚስብ፥ የበሩና የጣራው ክፍተት ሁሉ መደፈን አለበት፤ የመግቢያው ማጣሪያም ሰፊ ይሁን። ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ ከሆነ ግን አቧራው ወደ ውጭ ይገፋል፥ ሞተሩም ከቲነሩ ትነት ውጭ ይሆናል፤ ነገር ግን በየስንጥቁ የሚወጣው የቀለም ጉም ወደ መኖሪያው ክፍል እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል።

የእሳት አደጋ

የቲነር ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ በወለል ላይ እየተሳበ በዝቅተኛ ስፍራ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከአውቶሞቢል ሥር ለመሥራት የተቆፈረ ጉድጓድ በቀለም ክፍሉ ውስጥ ሊኖር አይገባም። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃም ሆነ ሲጋራ፥ ወይም የብየዳ ሥራ፥ በክፍሉ አጠገብ ክልክል ይሁን። የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው ከክፍሉ ውጭ ይተከል፤ መብራቱም በታሸገ መስታወት ጀርባ ይደረግ። በሚወጣው አየር መንገድ ላይ የሚተከል ማራገቢያ ሞተሩ ከአየሩ መንገድ ውጭ ተቀምጦ በቺንጋ የሚዞር፥ ወይም ለፈንጂ ትነት ተብሎ የተሠራ መሆን ይገባዋል። አውቶሞቢሉ ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ። ቀለም የነካው ጨርቅና ማጣሪያ በራሱ ጊዜ ሊግል ስለሚችል፥ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ። የዱቄት ወይም የአረፋ እሳት ማጥፊያም በበሩ አጠገብ ይሰቀል።

የሠራተኛው ሳንባ

በባለ ሁለት ክፍል ቀለም ማድረቂያ ውስጥ አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለ። ይህ ኬሚካል ከሥራ ለሚመጣ የአስም በሽታ ከታወቁት ዋና ዋና መነሻዎች አንዱ ነው። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ጥቂቱ እንኳ ስለሚያፍነው፥ ሙያውን ለመተው ሊገደድ ይችላል። ሽታው አስቀድሞ ስለማያስጠነቅቅ፥ «አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ምንም አይጠቅምም። ከሁሉ የተሻለው ከንጹሕ ስፍራ በቱቦ አየር የሚያመጣ ጭንብል ነው። የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭንብል በፊት ላይ በደንብ ካልገጠመና ማጣሪያው በጊዜው ካልተለወጠ አይታመንም፤ ጺምም እንዳይገጥም ያደርገዋል። ኬሚካሉ በቆዳም ስለሚገባ ጓንትና ሙሉ ልብስ አይቅሩ። ረጭቶ እንደ ጨረሱ ወዲያው ጭንብል ማውለቅም አይገባም።

የኮምፕረሰሩ አየርና ወቅቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች፥ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕረሰር የሚሰጠውም የታመቀ አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ፥ መርጫው ከሚጠይቀው መጠን ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣ አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ያወጣል፤ ስለዚህ የውኃና የዘይት ማጣሪያው ከኮምፕረሰሩ ራቅ ብሎ ይተከል፥ ገንዳውም በየቀኑ ይተንፍስ። አንዲት የዘይት ጠብታ በአዲሱ ቀለም ላይ እንደ ዓሣ ዓይን ያሉ ክብ ጉድጓዶችን ታወጣለች። በክረምት ወራት ናይትሮ ቀለም በሚረጭበት ጊዜም፥ ቲነሩ ሲተን ላሜራውን ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት በላዩ ያርፍና ነጭ ደመና ይፈጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መጠቀም ወይም እርጥበቱ እስኪቀንስ መታገሥ ነው። በበጋ ደግሞ ከመርጨት በፊት ወለሉን በውኃ ማራስ አቧራውን ያስተኛል።

ከወጪ አስቀድሞ የሚታሰብ ጉዳይ

የመውጫው ማጣሪያ የቀለሙን ጠብታ ይይዛል እንጂ ትነቱን አያስቀርም። ስለዚህ ጭስ መውጫው ከጣራ በላይ ከፍ ብሎ ከጎረቤት መስኮት ይራቅ። ቤቶች ተጠጋግተው በተሠሩበትና ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ግን ባለ ሁለት ክፍል ቀለም መርጨት ጨርሶ ተገቢ አይደለም። በእንዲህ ያለው ስፍራ ያለ ባለጋራዥ የባትላሜራውን፥ የስቱኮውንና የፍቂያውን ሥራ በግቢው አከናውኖ፥ የመጨረሻውን ቀለም በተሟላ ክፍል በኪራይ ቢያስረጭ ይሻለዋል። ሦስት ወይም አራት ጎረቤታሞች ጋራዦች ገንዘብ አዋጥተው ከመኖሪያ በራቀ ቦታ አንድ የጋራ ክፍል ቢሠሩ ደግሞ፥ ለእያንዳንዱ የሚከብደው የማራገቢያ፥ የማጣሪያና የጭንብል ወጪ ይቀልላቸዋል። ወጪውን የሚያሰላ ሰው ከክፍሉ ዋጋ ጎን፥ በአቧራ ምክንያት በየወሩ እንደገና የሚቀቡትን አውቶሞቢሎች ቁጥርና የሠለጠነ ቀለም ቀቢ በሕመም ምክንያት ቢጎድል የሚደርሰውን ኪሳራ አብሮ ይመዝን።