ከፎቶው ጀርባ ያለው ማህተም

የድሮ አልበም ካላችሁ አንድ ፎቶ አውጡና ገልብጡት። በእጅ ከተጻፈው «ለማስታወሻ ይሁንልህ» አጠገብ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት፣ ቀለሙ የደበዘዘ ማህተም ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለ ፎቶ ቤቱ ማህተሙን ሲመታ ያሰበው ደንበኛው ሌላ ቅጂ ለማሳጠብ እንዲመለስለት ይሆናል። በሕግ ዓይን ግን ያች ማህተም ከማስታወቂያ ትበልጣለች።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ለጋስ ነው። ግጥም ወረቀት ላይ ከሰፈረ መብቱ ያኔውኑ ይወለዳል፤ መመዝገብም ምልክት ማኖርም አያስፈልግም። ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ግን አዋጁ ፊቱን ያጠቁራል። ፎቶው ጥበቃ የሚያገኘው የአንድ ስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። ብቻውን የቆመና ስም የሌለው ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ደጅ ይቀራል።

ከዚህ ጥርጣሬ ጀርባ አንድ አሮጌ ክርክር አለ፦ ፎቶ የሰው ሥራ ነው ወይስ የማሽን? ናፖሊዮን ሳሮኒ እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ጸሐፊውን ኦስካር ዋይልድን ፎቶ አነሳ። በሮው ጋይልስ የተባለ የሊቶግራፍ ድርጅት ያለ ፈቃዱ 85,000 ቅጂ አትሞ ሲከሰስ፣ ፎቶ ያለውን ነገር መገልበጥ እንጂ ድርሰት አይደለም ብሎ ተከራከረ። በዚያ ላይ የመብት ማስታወቂያው «ኤን. ሳሮኒ» ስለሚል የአንሺው ሙሉ ስም አልተጻፈም አለ። በአንዲት ፊደል ክስ ለማምለጥ መሞከሩ ነው! ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1884 ሁለቱንም መከራከሪያ ጣለ። ዋይልድን ያስቀመጠው፣ ልብሱንና መጋረጃውን የመረጠው፣ ብርሃንና ጥላውን ያደላደለው ሳሮኒ ነውና ደራሲው እሱ ነው አለ።

አሜሪካኖች ግን ማስታወቂያውን ራሱን አልተዉትም። በሥዕልና በፎቶ ፊት ላይ ረጅም ጽሑፍ መደርደር ሥራውን ስለሚያበላሽ፣ የ1909ኙ ሕግ ለእነዚህ ሥራዎች አጭር መንገድ ከፈተ፦ በክብ ውስጥ ያለች የ«ሲ» ፊደልና የባለቤቱ ምልክት፣ ሙሉ ስሙ ደግሞ በኅዳጉ ወይም በጀርባው። ዛሬ በየመጽሐፉ ገጽ የምናያት ክብ በዚያ ሕግ ከሥዕልና ከፎቶ ጎራ የተነሳች ናት። ያለ ማስታወቂያ የታተመ ፎቶ ግን መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር፤ ብዙ ፎቶ በዚህ ምክንያት ባለቤት አልባ ቀርቷል። ግዴታው የቀረው አገሪቱ የቅጅ መብትን የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት ስትቀላቀል፣ ከማርች 1 ቀን 1989 ጀምሮ ነው። ስምምነቱ መብትን በምልክት ላይ ማንጠልጠልን የከለከለው ገና በ1908 ነበር። የእኛ አዋጅ ሲወጣ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ስላልነበረች ክልከላው አልያዛትም።

እኔ እንደማምነው ይህ ቅድመ ሁኔታ መሰረዝ አለበት። ስልክ ሁሉ ካሜራ በሆነበት ዘመን የጥበቃ በር ጠባቂ አድርጎ ማህተምን ማቆም የሚጠቅመው ቆርጦ ለሚለጥፍ ሰው ነው። አብዛኛው አንሺ ፎቶው ጥግ ላይ ስሙን ብቻ ያሰፍራል፤ አዋጁ ግን አድራሻም ይላል። ስልክ ቁጥር አድራሻ ነው ወይስ አይደለም? ጠበቆች ለመከራከር ቦታ አያጡም።

እስከዚያው ድረስ፣ ፎቶ አንሺ የሆናችሁ ሁሉ፣ ያሳጠባችሁትን ሳትጽፉበት አትስጡ። እስክሪብቶ ተጭናችሁ አትጻፉ፤ ፊቱ ላይ ይጎደጉዳል። የዛሬው ፕላስቲክ ለበስ ወረቀት ቀለም ቶሎ ስለማይመጥ፣ ማህተሙ ሳይደርቅ ፎቶዎቹን አትደራርቡ፤ ያንዱ ጀርባ የሌላውን ፊት ያቆሽሻል። ስም፣ ከተማ፣ የቤት ወይም የፖስታ ቁጥር፣ ስልክ ይኑርበት። ዓመተ ምሕረቱንም አትርሱ፤ በአዋጁ የፎቶ ጥበቃ 25 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ነው።