አባቴ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ፣ እኔም «ጥሩ ነው» አልኳቸው

ዛሬ ስለ ደም ግፊትም ስለ ወባም እናወራለን፤ መነሻችን ግን የክረምት ዝናብ ትንበያ ነው። «ዶክተር፣ ደግሞ አንተን ከዝናብ ጋር ምን አገናኘህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ታገሱኝ፣ መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ያደግኩት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ስትሄዱ ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል ስትወርዱ ጃኬታችሁን ማውለቅ የምትጀምሩበት ቆላ። አባቴ እስከ ዛሬ ያርሳሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ደወሉልኝ።

«ዶክተሩ፣ እዚያ ስልክህ ላይ ዘንድሮ ክረምቱን እንዴት ነው ይላሉ? ሁለት ሦስት ቀን ጥሎልናል። ማሽላውን ልዝራው ወይስ ሐምሌን ጠብቄ ጤፍና ማሾ ላድርገው?»

ከተማ ላደገ ሰው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነባሩ የቆላ ማሽላ ግን ጊዜ የሚፈልግ ሰብል ነው። በጊዜ ተዘርቶ ዝናቡ ሳይቋረጥ ከዘለቀ እህሉም ብዙ ነው፣ አገዳውም ለከብት መኖ፣ ለማገዶ፣ ለጎጆ ይሆናል። ጤፍና ማሾ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ዝናቡ ዘግይቶ ቢገባም ያዋጣሉ፣ አገዳ ግን የላቸውም። ስለዚህ አባቴ እየጠየቁኝ የነበረው የቤቱን የዓመት ቀለብ፣ የበሬዎቹንም ጭምር ነው።

እኔ በሁለት ታካሚ መሀል ስልኬን ከፈትኩ። የትንበያው ርዕስ ላይ «መደበኛና ከመደበኛ በላይ» የሚል አየሁ። «አባዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ይዝሩት» አልኳቸው። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ሁሉንም መሬት ማሽላ ዘሩት። ቡቃያው አማረ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ቀጥ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት... ቡቃያው ጠወለገ፣ ከዚያ ደረቀ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲመለስ ገልብጠው አርሰው ጤፍ ዘሩበት። ለሁለተኛው ዘርና ማዳበሪያ ጊደር ተሸጠች። የሚያናድደው ነገር፣ ክረምቱ ሲያልቅ ትንበያው ትክክል ሆኖ ተገኘ! ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንም ከረመ፤ ድምሩ ደህና ነበር። የተሳሳተው ትንበያው ሳይሆን የእኔ ትርጉም ነው።

ይሄ ሁሉ ለእኔ የገባኝ ለመስቀል ቤት ስሄድ ነው። እንደ ልማዴ የእናቴን ግፊት ለካሁ፦ 190 በ110። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። «እማዬ፣ መድኃኒትሽን አልዋጥሽም እንዴ?» ስላት መጀመሪያ ወሬ ለወጠች። በኋላ ላይ ነው ያወጣችው። «ሐምሌ ላይ አለቀብኝ። ጤና ጣቢያው የለም አለ፣ ከውጭ እንዳልገዛ ዘሩ ነበረብን። ደግሞ አላመመኝም እኮ!»

አላመማትም። የደም ግፊት ክፋቱ እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያም ነው አእምሮ ውስጥ ደም የሚያፈስሰው። ለሁለት ወር ተኩል ያህል እናቴ ስትሮክ አፋፍ ላይ ስትሄድ፣ እኔ እዚህ ገጽ ላይ ለእናንተ «መድኃኒት አታቋርጡ» እያልኩ እጽፍ ነበር።

አሁን ወደ ትንበያው እንመለስ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ገጠር ቤተሰብ አላችሁ፣ «ስልክህ ላይ እስቲ እየው» የሚሏችሁም እናንተን ነው።

አገራችን ላይ የዝናብ ወቅቶች ትንበያ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ለበጋ (ከጥቅምት እስከ ጥር)፣ ለበልግ (ከየካቲት እስከ ግንቦት) እና ለክረምት (ከሰኔ እስከ መስከረም)። «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» የሚሉት ቃላት እንዲሁ የመጡ አይደሉም። ያለፉ 30 ክረምቶችን ከዝናባማው እስከ ደረቁ በሰልፍ አቁሟቸው። የላይኞቹ 10 ከመደበኛ በላይ ናቸው፣ መካከለኞቹ 10 መደበኛ፣ የታችኞቹ 10 ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖረን እያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ ዕድል አለው። ትንበያው የሚያደርገው ይህን ሚዛን ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ነው። ለምሳሌ 45፣ 35፣ 20 ቢል፣ ወደ ዝናባማው ያዘነበለ ነው። ግን ያቺ 20ም አለች፤ ከአምስት ክረምት አንዱ ማለት ናት። እኔ ከአምስት ሰው አንዱን የሚጎዳ መድኃኒት «ጥሩ ነው፣ ዋጡት» ብዬ ለታካሚ አልሰጥም። ለአባቴ ግን ሰጠሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይብሳል። እነዚያ ሦስት ቃላት የሚናገሩት ስለ አራቱ ወር ድምር ነው። መቼ ይገባል፣ መሀል ላይ ስንት ቀን ይቋረጣል፣ መቼ ይወጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ቡቃያን የሚገድለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ድምሩ ሳይሆን መሀል ላይ ያለው ክፍተት ነው። በመግለጫዎቹ ውስጥ ስለ አገባብና አወጣጥ የሚያወራ ክፍል ይኖራል፤ እኔ ርዕሱን አንብቤ ዘጋሁት። የወቅቱን ካያችሁ በኋላ ደግሞ ኢንስቲትዩቱ በየወሩና በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ተከታተሉ። ለመዝራት ቀን የሚጠቅመው የአሥር ቀኑ ነው። (የላብራቶሪ ውጤት አንዴ አይቶ ለስድስት ወር የሚያክም ሐኪም አለ? የለም።)

ሦስተኛ፣ አገሩ አንድ አይደለም። ዜና ላይ «ኤልኒኖ» ሲባል ሁሉም ቦታ ድርቅ የሚመጣ ይመስለናል። ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ከወትሮው ሲሞቅ፣ በተለይ የሰሜኑን፣ የመሀሉንና የምሥራቁን የክረምት ዝናብ ያዳክማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያየነው እሱን ነው፤ ያኔ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈልጎ ነበር። ቦረናና ሶማሌ ክልል ግን ዋና ዝናባቸው የበልግና የጥቅምት አካባቢ ነው፤ ኤልኒኖ የጥቅምቱን ይጨምርላቸዋል እንጂ አይቀንስባቸውም። እነሱን የሚጎዳው ተቃራኒው ላኒና ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳቸው ላኒና ነበር። ስለዚህ ካርታውን ስታዩ የእናንተን ወረዳ ፈልጉ፣ የዜናውን ርዕስ ሳይሆን።

አባቴ የራሳቸው ትንበያም አላቸው። የነፋሱን አቅጣጫ ያያሉ፣ ዘመኑ የማቴዎስ ነው የሉቃስ ብለው ይቆጥራሉ። ልጅ ሳለሁ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ቢያንስ እሳቸው አንድ ምልክት ብቻ አይተው አይወስኑም።

እንግዲህ ሐኪም ነኝና የጤናውን ልጨምር። ትንበያው ወደ ዝናባማው ካዘነበለ፣ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች ለወባ ይዘጋጁ። ዝናብ ያቆረው ውኃ ውስጥ ትንኟ አድጋ፣ ተውሳኩ በውስጧ ጎልምሶ፣ ሰው ነክሳ እስክታሳምም ሳምንታት ይፈጃል። ለዚህ ነው ወባ የሚበረታው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ላይ የሆነው፤ ማለትም እናንተ ለመስቀል ቤተሰብ ጥየቃ በምትሄዱበት ሰሞን! አጎበር ሥር ተኙ። ተመልሳችሁ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የደም ምርመራ አድርጉ፣ ቆላ ሄዳችሁ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩት። ነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ያንኑ ቀን።

ወደ ደረቁ ካዘነበለ ከተማ ያለነውም አናመልጥም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የትንኝ ዝርያ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። እሷ ረግረግ አትፈልግም፤ የውኃ በርሜልና ሮቶ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲነሣ እሷ ነበረችበት። ውኃ ስትጠፋ ስለምናጠራቅም፣ በርሜሉን በደንብ ክደኑት።

በየትኛውም ዓመት የማይቀረው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጎተራው ባዶ ነው፣ ገንዘቡ መሬት ውስጥ ነው። ቤት ውስጥ የግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ የሚያቋርጠው ያኔ ነው፣ አይነግራችሁምም። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ የሦስት ወር መድኃኒቱን ገዝታችሁ ላኩ። ብሩን ብቻ ከላካችሁ ዘር ይሆናል፤ የእኔ እናት ምስክር ናት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድናቸው መታደሱንም ጠይቁ።

ባለፈው አባቴ ደውለው ነበር፤ ጥያቄው ያው ነው። በዚህ ጊዜ ተረኛም አልነበርኩም፣ ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። «አባዬ፣ አሥር እንደዚህ ያለ ክረምት ቢመጣ አራቱ በጣም ዝናባማ፣ አራቱ እንደ ወትሮው፣ ሁለቱ ደረቅ ናቸው ይላሉ። ስለ አገባቡ ግን ሊዘገይ ይችላል የሚል አለበት» አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «እንዲያ ከሆነ ግማሹን ማሽላ፣ ግማሹን አቆየዋለሁ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ታዲያ ያን ጊዜስ እንዲህ ብለህ አትነግረኝም ነበር?»